ኪዮቶ የሰው ደጅ ናት

ባለፈው ቅዳሜ ከአገር ውጭ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በምናደርገው ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። አንዳንድ መደጋገሜን ከመቀነሴ በቀር እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ከኋላ የቆማችሁ ልጆችም፣ ጤና ይስጥልኝ። ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ። በዚህ ብርድ ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁም አላችሁ፣ እግዜር ያክብርልኝ።

አዘጋጆቹ «ጃፓን፣ ኪዮቶ ስላደረግሽው ጉዞ ንገሪን» ሲሉኝ ቶሎ እሺ አላልኩም። የታሪክ ምሁር አይደለሁም። 19 ዓመት አረጋውያን ስንከባከብ ነው የኖርኩት። ግን አንድ ነገር አይቼ ተመልሻለሁ። እሱን ለናንተ ሳልነግር ብቀር ይቆጨኛል።

ሦስት ነገር ነው የማወራው። አንደኛ፣ ለምን መሄድ እንዳልፈለግሁ። ሁለተኛ፣ በየደጁ ስላየሁት ቀይ ባልዲ። ሦስተኛ፣ ስለ አንድ አውቶቡስ። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ።

አንደኛውን ልጀምር። እስቲ ልጠይቃችሁ፣ ከመካከላችን ቫኬሽን ወስዶ ከኢትዮጵያ ሌላ አገር የሄደ ማነው? እጃችሁን አውጡ። አራት ሰው። ከዚህ ሁሉ ሰው አራት! አልፈርድባችሁም፣ እኔም እንደናንተው ነኝ። የእኛ ፈቃድ ገና ሳይሰጠን መድረሻው ተቆርጧል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። የእህት ልጅ ጫማ፣ የአጎት የስኳር መለኪያ፣ የጎረቤት መድኃኒት፣ ጨርሶ የማናውቀው ሰው አደራ ያለን ስልክ።

አባቴ ሲያርፍ ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአርባው ነው የደረስኩት። ይህ የደረሰበት ሰው ያውቀዋል። ከዚያ ወዲህ አንድ ሳምንት ፈቃድ ሌላ አገር ማሳለፍ፣ ከእናቴ ላይ የምሰርቀው ሳምንት ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ልጄ ኪዮቶ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየሠራች ነው። በየጊዜው «እማዬ፣ ነይ» ትለኛለች። እኔ ደግሞ «አዲስ አበባ እንገናኝ» እላታለሁ። አንድ ቀን እንዲህ አለችኝ፦ «እማዬ፣ ሁልጊዜ እኔ ነኝ አንቺ ወዳለሽበት የምመጣው። እኔ ያለሁበትን አንድ ቀን አታይውም?» ዝም አልኩ። መልስ አልነበረኝም። ደግሞ ከተማዋን በፎቶ አውቃታለሁ። ሰው እንደ ጉንዳን ይርመሰመስባታል። ሁሉም አንድ ቦታ ቆሞ አንድ ዓይነት ፎቶ ይነሳል። ለዚህ ብዬ ነው ያን ሁሉ ሰዓት የምበረው?

እናቴ ጋ ደወልኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የደወልኩት «አይሆንም፣ ወደ እኔ ነይ» እንድትለኝ ነው። ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እኔን ልታዪ ስትመላለሺ ያንቺን ልጅ ማን ያያታል?» አለችኝ። ቀጠለችና «ሂጂ። የምታድርበትን ቤት እይ። ደጇን አይተሽ ንገሪኝ» አለች። ደጇን አይተሽ ንገሪኝ። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሄድኩ። ኅዳር ወር ነበር። ኪዮቶ የራሷ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ኦሳካ በኩል ባሕር ላይ በተሠራው ማረፊያ ይወረድና ከሰዓት በላይ በባቡር ይኬዳል። ኅዳር ላይ ቅጠሉ ይቀላል። ያን ለማየት ከጃፓንም ከዓለምም ሰው የሚጎርፍበት ወር ነው። ልክ የፈራሁት ጊዜ ላይ ገባሁ ማለት ነው።

በማግሥቱ ኪንካኩጂ ወሰደችኝ። ወርቅ የተለበጠው ቤት ነው፣ በፎቶ አይታችሁታል። ኩሬው ዳር ነው የሚቆመው፣ ወርቁ ውኃው ውስጥም ይታያል። ያምራል፣ አልዋሽም። 1397 ላይ ነው የተጀመረው። ግን ልጄ ምን አለችኝ? «እማዬ፣ ይሄ 1955 ላይ የተሠራ ነው። የድሮውን 1950 ላይ አንድ ወጣት መነኩሴ አቃጠለው።» ደነገጥኩ። ታዲያ ይሄ ሁሉ ሰው የተሰለፈው አዲስ ቤት ለማየት ነው? ተታለልኩ ማለት ነው?

ወደ ኪዮሚዙ ዴራም ወጣን። ተራራ ጥግ ላይ ያለ የእንጨት ቤተ መቅደስ ነው። ፊት ለፊቱ 13 ሜትር ከፍታ ያለው መድረክ አለው፣ ያለ ምስማር የቆመ። እንጨቱ እንጨቱን ሰንጥቆ እየገባ ነው የተያያዘው። ጃፓኖች አንድ ሰው ጨክኖ ትልቅ ውሳኔ ሲወስን «ከኪዮሚዙ መድረክ ዘለለ» ይላሉ። ልጄ ክንዴን ይዛ «አንቺም ዘለልሽ» አለችኝ። ይኼኛውም ቢሆን ተቃጥሎ 1633 ላይ እንደገና የተሠራ ነው። ምሰሶዎቹ አንድ ቀን መለወጣቸው አይቀርም። ስለዚህ ቤተ መቅደሱ ከአሁኑ ችግኝ አስተክሏል። ዛፉ ለዚያ ምሰሶ እስኪደርስ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈልጋል። የተከለው ሰው አያየውም፣ ልጁም አያየውም። እዚያ ጋ ነው ኪንካኩጂ ላይ የያዘኝ ቅሬታ የለቀቀኝ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ልግባ፣ ወደ ባልዲው።

ልጄ የተከራየችው አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ነው። ፊቱ ጠባብ፣ ወደ ውስጥ ረጅም። እንዲህ ያለውን ቤት የኪዮቶ ሰዎች «የዓሣ አልጋ» ብለው ይጠሩታል፣ ያ እንደ እባብ የሚረዝመው ዓሣ። መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ቢሄድበት የሚሞላ ነው። ታዲያ በየበሩ ጥግ ቀይ ባልዲ ተቀምጧል። በዚህ ቤት ደጅ ባልዲ፣ በዚያ ቤት ደጅ ባልዲ። አንዱን ጎንበስ ብዬ አየሁት። ውኃ ሞልቶታል፣ አንዲት ቀይ ቅጠል ወድቃ ተንሳፋለች። ጎኑ ላይ በነጭ ተጽፏል። «ምን ይላል?» አልኳት። «ለእሳት ማጥፊያ» አለችኝ።

እስቲ አስቡት። የሚሊዮን ሰው ከተማ ናት። የእሳት አደጋ መኪና ሞልቷል። ግን ጎረቤት ቤት እሳት ቢነሳ መጀመሪያ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። ይህን ያውቃሉ። ለምን እንደሚያውቁ ልንገራችሁ።

ኪዮቶ 794 ላይ ነው ዋና ከተማ የሆነችው። ከተማዋ እንጨት ናት። እንጨት ደግሞ ይነዳል። ከ1467 እስከ 1477 መሳፍንቱ ከተማዋ ውስጥ ተዋጉ፣ አብዛኛው ነደደ። 1788 ላይ ነደደ። 1864 ላይ፣ እንደገና በጦርነት፣ ነደደ። ታዲያ «ጥንታዊ ከተማ» የሚሏት የትኛዋን ነው? ሦስቴ አራቴ አመድ ሆና የተነሳችውን ነው። ማን አስነሳት? ንጉሥ? መስፍን? ለብዙው መልሱ ሰፈር ነው። ሰፈር!

ሐምሌ ሲገባ የጊዮን በዓል የሚባል አለ። 869 ላይ ወረርሽኝ ገብቶ ሲጨርሳቸው ለምልጃ የጀመሩት ነው። ያ የአሥር ዓመት ጦርነት አቋረጠው። 1500 ላይ መልሰው ያቆሙት የከተማው ነጋዴዎችና ባለሙያዎች፣ የየሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ በሰልፉ 34 ትልልቅ ሠረገላዎች ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ የአንድ ሰፈር ንብረት ነው። አንደኛው 1826 ላይ በኃይለኛ ዝናብ ተጎድቶ ቀረ። መቼ ተመለሰ? 2022 ላይ! 196 ዓመት። በዚህ ሁሉ ዘመን የሰፈሩ ሰዎች «ሠረገላችን» ማለታቸውን አልተዉም።

ልቤን የነካው ግን ትምህርት ቤቱ ነው። 1869 ላይ ንጉሡ ወደ ቶኪዮ ሄዱ። ከሺህ ዓመት በላይ የንጉሥ መቀመጫ የነበረች ከተማ ባዶዋን ቀረች። ሹሙ ሄደ፣ ሹሙን ተከትሎ ገበያው ሄደ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ሻንጣ ነው የምናስረው አይደል? የኪዮቶ ሰዎች በዚያው ዓመት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ 64 አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከፈቱ። መንግሥት ገና የትምህርት ሕግ አላወጣም። ሕጉ የመጣው 1872 ላይ ነው። ብሩ ከየት መጣ? የትምህርት ቤቱን ወጪ ለመሸፈን ከየቤቱ መዋጮ ተሰበሰበ። መዋጮው «ካማዶኪን» ይባላል። ካማዶ ማለት ምድጃ ነው። የምድጃ ብር! ልጅ ያለውም የሌለውም፣ ምድጃ የሚያነድ ሁሉ አዋጣ።

ልጄ ይህን ስትነግረኝ ቆሜ ቀረሁ። አባቴ ትዝ አለኝ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ሲሠራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወንዝ ድንጋይ ይሸከም ነበር። ትከሻው ላይ ጆንያ አጥፎ ያደርግና ይሸከማል። ያኔ እኔ ገና ጡት አልጣልኩም። «ይሄኛው ጥግ የእኔ ነው» ብሎ ግድግዳውን ያሳየኝ ነበር። እኔ የተማርኩት እዚያ ግድግዳ ሥር ነው።

ከነዚያ ትምህርት ቤቶች የአንዱን ሕንፃ ልጄ አስገብታ አሳየችኝ። ልጅ ስላነሰ ተዘግቶ፣ ከ2006 ጀምሮ የማንጋ ሙዚየም ሆኗል። ማንጋ ልጆቻችሁ የሚያነቡት የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። ወለሉ የድሮው እንጨት ነው፣ ሲረገጥ ይንጣጣል። ሳሩ ላይ ወጣቶች በሆዳቸው ተኝተው ያነባሉ። አልፈረሰም። ለልጅ ተሠራ፣ ዛሬም ልጅ ያነብበታል።

ስለ ባልዲው ስናወራ ስለ መጥረጊያው ሳልነግራችሁ አላልፍም።

እንቅልፌ ገና ከአገሩ ሰዓት ጋር አልገጠመም ነበር። ሌሊት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነቅቼ በመስኮት አያለሁ። ጎረቤት ያሉ አንዲት እናት ወጡ። ከ80 ዓመት በላይ ይሆናቸዋል። እኔ በሥራዬ የአረጋዊ አካሄድ አውቃለሁ፣ የግራ ዳሌያቸው ያማቸዋል። ሽርጥ ታጥቀዋል፣ ረጅም የቀርከሃ መጥረጊያ ይዘዋል። ቅጠሉን መጥረግ ጀመሩ። ሸር፣ ሸር፣ ሸር። ባልዲውን አንስተው ሥሩን ጠረጉና መልሰው አስቀመጡት። የደጃቸው ወሰን ላይ ሲደርሱ አላቆሙም። ወደ ልጄ ደጅ አንድ ክንድ የማይሞላ አለፉ። እዚያ ላይ አቆሙ። ቅጠሉ ግን ወዲያም አለ! ለምን አቆሙ?

ልጄ ስትነሳ ጠየቅኋት። ካዶሃኪ ይባላል አለችኝ፣ ደጅ መጥረግ። ወሰንህ ላይ ቀጥ ብለህ ብታቆም «እኔ ምናገባኝ» ማለት ነው። የጎረቤትህን ሙሉውን ብትጠርግለት ደግሞ «አንተ ሰነፍ ነህ» እንዳልከው ነው፣ ዕዳም ታስገባዋለህ። ስለዚህ ትንሽ ታልፋለህ። ትንሽ ብቻ።

እናቴ ይህን ባወቀች ኖሮ! ልጅ ሆኜ እናቴ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ደጃችንን ውኃ ርጨት ርጨት አድርጋ ትጠርግ ነበር። አንድ የፋሲካ ሰሞን በደግነት የጎረቤታችንንም ደጅ እስከ በሯ ጠረገችላት። ሴትዮዋ ወጣችና «ቤቴ ቆሻሻ ነው ለማለት ነው?» ብላ ተቀየመች። ሁለት ሴቶች፣ ልጅ እያዋለዱ የተረዳዱ፣ እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይነጋገሩ ቀሩ። ሽማግሌ ገብቶ ነው የታረቁት። ክፉ ሰው አልነበረም በመካከላቸው። ልኩን ነው ያጡት።

ሦስተኛው፣ አውቶቡሱ።

ኪዮቶ ውስጥ የምድር ባቡሩ ሁለት መስመር ብቻ ነው። ወደ ቤተ መቅደሶቹ የሚያደርሰው በአብዛኛው የከተማ አውቶቡስ ነው። አረጋዊው ወደ ሐኪም፣ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ እናት ወደ ገበያ የሚሄዱበት ያው አውቶቡስ ነው። በኋላ በር ይገባል፣ በፊት በር ከፍሎ ይወጣል። እኔና ልጄ ከነትልቁ ቦርሳችን በኋላ በር ገባን። ሞላ። ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ በሩ ተከፈተ። አንዲት አሮጊት ቆመዋል። የአትክልት ከረጢት ይዘዋል፣ የሽንኩርት ቅጠል የሚመስል ጫፍ ይታያል። ወደ ውስጥ አዩ። አንድም ቦታ የለም። አልተቆጡም፣ አልጮሁም። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። በሩ ተዘጋ።

ወገኖቼ፣ ያ እርምጃ ከዓይኔ አልጠፋም። 19 ዓመት የኖርኩት እንዲህ ያሉ እናቶች ወንበር እንዲያገኙ ነው። የዚያን ቀን የእሳቸውን ቦታ የያዘው የእኔ ቦርሳ ነበር። የእኔ።

በአገራችን ስለ እንግዳ ሲነገር፣ ሲመጣ ወርቅ ነው፣ ሲቆይ ወደ ብር፣ ሲሰነብት ወደ ብረት ይወርዳል ይባላል። እንግዳው በየቀኑ አዲስ ከሆነስ? ዓመቱን ሙሉ የማያቋርጥ ከሆነስ? ጊዮን በሚባለው ሰፈር ሴቶች በባህል ልብስ ወደ ሥራ ሲሄዱ ካሜራ የያዘ ሰው ይከተላቸዋል፣ ልብሳቸውን ይነካል። ነዋሪው ሲሰለቸው 2024 ላይ ጠባብ የግል መንገዶቹን ለጎብኚ ዘጋ። ማስታወቂያው አለ፣ የገባ 10,000 የን ይቀጣል ይላል። ከተማው በዚያው ዓመት ለጎብኚዎች የተለየ አውቶቡስ ጀመረ። ሰዎቹ እንግዳ ስለሚጠሉ ነው? አይደለም። የሚሄዱት ወደ ሥራቸው፣ ወደ ቤታቸው ስለሆነ ነው።

እንግዳ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ታሪክ ልጨምር፣ ይህን ልጄ ማታ ነው የነገረችኝ። 1945 ላይ አሜሪካኖች አቶም ቦምብ የሚጥሉባቸውን ከተሞች ሲመርጡ ኪዮቶ ዝርዝሩ ላይ ነበረች። ያስወጣት የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን ድረስ ሄዶ ተከራከረ። ስቲምሰን በ1920ዎቹ ከተማዋን ጎብኝቷት ነበር። አይቷታል። ያያትን ከተማ ሊያቃጥል አልፈቀደም። ዝርዝሩ ላይ ግን ሌላ ስም ገባ፦ ናጋሳኪ። እዚያም ደጅ የሚጠርጉ እናቶች ነበሩ። ልጄ ይህን ነግራኝ ስትጨርስ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም። ዛሬም ምን እንደምል አላውቅም። ነገርኳችሁ እንጂ።

ከአውቶቡሱ ቀን በኋላ በእግር ሄድን። የቀረውን ዝነኛ ቦታ ሁሉ አላየሁም፣ አልቆጨኝም። ጠዋት ጠዋት እጠርግ ነበር። የልጄን ደጅ። የመጀመሪያው ቀን ወሰኑ ላይ ስደርስ ልቤ ይመታ ነበር። አንድ ክንድ የማይሞላ አለፍኩ። አቆምኩ። እናትየው ከበራቸው ሆነው አይተውኛል። እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ አድርገው ዝቅ ብለው እጅ ነሱኝ። እኔም እንደ አገሬ እጅ ነሳሁ። አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

በማግሥቱ በራችን ላይ ሁለት ካኪ ተቀምጦ አገኘን። ካኪ ቲማቲም የሚመስል ብርቱካናማ ፍሬ ነው፣ ወቅቱ ያኔ ነው። ልጄ «እማዬ፣ አሁን ደግሞ መመለስ አለብን» አለች። ምን ይመለሳል? ከቤት ይዤላት የመጣሁት ጥሬ ቡና አለ። «እሱን ቆልተሽ ጥሪያቸው» ብያት ተሳፈርኩ።

ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ደጇ ጠባብ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ጥግ ላይ ቀይ ባልዲ አለ አልኳት። «ጎረቤትስ አላት?» አለችኝ። «አላት» አልኳት።

ባለፈው እሑድ ልጄ ደወለች። ቡናውን ልትቆላ ስትል መጀመሪያ ወጥታ የእናትየውን በር አንኳኳች። «ጭስ ይሸትዎታል፣ እሳት አይደለም፣ ቡና ነው» አለቻቸው። ባልዲ በየደጁ ባለበት መንደር ሳትናገር ማጨስ አልፈለገችም። እናትየው ገቡ። ትራስ ላይ ተቀመጡ። መቁላቱን፣ መውቀጡን፣ ማፍላቱን ዝም ብለው አዩ። አቦሉን ጠጡ፣ ቶናውን ጠጡ። ልጄ «ሦስተኛም አለ፣ በረካ ይባላል» ስትላቸው ሲኒያቸውን በሁለት እጃቸው ዘረጉ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ፣ ማይኩ ወደ እናንተ ይመጣል።